ካቶሊካዊ ሰው ከዘመኑ ሥልጣኔ ወደ ኋላ ቀርቷልን?



የኢዮቤልዩ በዓል በደረሰ ጊዜ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ መሠረት መጣል፥ ስለ ጣራውና ስለ ደወሉ፥ ስለ ተጠመቁትና ስለ ተጋቡት ቍጥር መናገር የቆየ ልማድ ነው። ይህም መልካም ነው፤ የአባቶቹን ድካም የማያስታውስ ምእመን የራሱን ድካም ዋጋ አያውቅምና። ነገር ግን በዚህ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያሉ ወጣቶች በዓሉን ሲያከብሩ በልባቸው የሚያመላልሱት ጥያቄ ስለ ጣራና ስለ ደወል አይደለም። ጥያቄአቸው፦ «ካቶሊካዊ ሰው ከዘመኑ ሥልጣኔ ጋራ እርምጃው ይገጥማልን? ወይስ ዓለም ሁሉ ወደ ፊት ሲሄድ እርሱ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቷል?» የሚል ነው። አንዳንዱ ይህን በግልጥ ይናገረዋል፤ የሚበልጠው ግን አፍ አውጥቶ ሳይናገር ቀስ እያለ ከእሑድ ቅዳሴ ይቀራል። ስለዚህ ነገሩ ለክርክር ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ በየቤቱ አባትና ልጅ የሚለያዩበት ነገር ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደ ሆኑ ይታወቅ።)

ጥያቄው በሐዋሳ መነሣቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ሐዋሳ ራስዋ የአዲስ ዘመን ልጅ ናት። አክሱምና ጎንደር፥ ሐረርም የብዙ መቶ ዓመት ግንብና ታሪክ ሲኖራቸው ይህች ከተማ በሐይቁ ዳር መቆርቈር የጀመረችው በ1960 ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲዋ በ2000 ተቋቋመ፤ የኢንዱስትሪ ፓርክዋ በ2016 ተመረቀ፤ በ2020 የሲዳማ ክልል በተመሠረተ ጊዜ ርእሰ ከተማው እርስዋ ሆነች። በዚህች ከተማ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ከመንገዱና ከግንቡ ሁሉ ይልቅ በዕድሜ ይበልጣል፤ እርሱን የሚቀድሙት ታቦር ተራራና ሐይቁ ብቻ ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም። እንግዲህ ሁሉ ነገር አዲስ በሆነበት ስፍራ የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላት ቤተ ክርስቲያን እንደ እንግዳ ብትታይ ምን ያስደንቃል?

ነገር ግን አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። «ካቶሊኮች ከዘመኑ ጋራ አይሄዱም» የሚለው ነቀፋ በኢትዮጵያ ምድር የበቀለ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ተወልዶ ዛሬ በእጅ ስልክ ተጭኖ ወደ ሐዋሳ የገባ ነው። በኢትዮጵያ ካቶሊኮች የተነቀፉበት ነገር ከዚህ ፈጽሞ ተቃራኒ ነበር። በአውሮፓ «አሮጌ ናችሁ» ሲባሉ በኢትዮጵያ «አዲስ ነገር አመጣችሁ፥ የአባቶችን ሥርዐት አፈረሳችሁ፥ ፈረንጅ ሆናችሁ» ይባሉ ነበር። አንዱን እምነት በአንድ አገር ስለ እርጅናው፥ በሌላው አገር ስለ አዲስነቱ መንቀፍ ከተቻለ፥ ነቀፋው ስለ እምነቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ነቃፊውም የሚናገረው ነገር አለ ማለት ነው።

የኢትዮጵያው ነቀፋ ደግሞ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ታሪኩንም ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። ከኢየሱሳውያን ማኅበር የሆኑት ስፔናዊው አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ በየመን ብዙ ዓመት በምርኮ ከቆዩ በኋላ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። እኒህ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያደረጉት የአገሩን ቋንቋ መማር ነው። አማርኛውንም ግእዙንም ዐወቁ፤ ሕፃናትን አስተማሩ፤ ከመኳንንቱና ከሊቃውንቱ ጋራ በትሕትና ተነጋገሩ፤ ድንጋይ ጠርበው በኖራ መገንባትን አሳዩ፤ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሄደው የዓባይን ምንጭ አዩ፤ የኢትዮጵያንም ታሪክ ጻፉ። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት የተሳቡት በእርሳቸው ትምህርት ነው። አባ ፓኤዝም በ1622 ዐረፉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1625 ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጡ። ትምህርታቸው ከአባ ፓኤዝ ትምህርት የተለየ አልነበረም፤ የተለየው አካሄዳቸው ነው። የተጠመቀውን ሕዝብ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ቀሳውስቱ እንደ ገና እንዲካኑ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፥ በዓላቱና አጽዋማቱ በሮም አቈጣጠር እንዲሆኑ፥ ግዝረትም እንዲቀር አዘዙ። ለአንድ የላስታ ወይም የጎጃም ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደ ነበረ ማሰብ አያስቸግርም። አያቱ የጾመው ጾም ጾም እንዳልነበረ፥ እናቱ ያስጠመቀችው ጥምቀትም ጥምቀት እንዳልነበረ ተነገረው ማለት ነው። ከዚያም ጦርነት ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ዐፄ ሱስንዮስም በገዛ ሕዝባቸው ላይ ድል ማድረግ ሰልችቷቸው በ1632 ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን «ካቶሊክ» የሚለው ስም በኢትዮጵያ ጆሮ ከጦርነት ጋራ ተያይዞ ይሰማ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ዐፄ ሱስንዮስ ዐዋጁን ባስነገሩ በዓመቱ፥ በ1633፥ በሮም ከተማ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ «ምድር በፀሓይ ዙሪያ ትዞራለች» ስላለ በቤተ ክርስቲያን ዳኞች ፊት ተፈረደበት። በአንድ ወገን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሕዝቡን ልብ ሳይጠብቁ ቸኵለው ቀደሙ፤ በሌላው ወገን ዕውቀት ሲቀድማቸው እነርሱ ቆሙ። ስሕተቱ ሁለት መልክ ያለው ይመስላል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም አለመስማት ነው። ሜንዴዝ የኢትዮጵያን መነኮሳት አልሰሙም፤ የሮም ዳኞችም የኮከብ ተመልካቹን አልሰሙም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 የጋሊሌዮ ዳኞች መሳሳታቸውን በግልጥ መስክረዋል። ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል መቆየቱ ረዥም ነው፤ ይህን የሚክድ ካቶሊካዊ ለቤተ ክርስቲያኑ ጠበቃ አይሆናትም።

ከሜንዴዝ ስሕተት የተማሩ ግን ነበሩ። በ1839 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት፥ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ የግእዙን ሥርዐት አክብረው፥ እንደ አገሩ መነኵሴ ለብሰው፥ እንደ አገሩ ሰው በልተው ኖሩ። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር የሆኑት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አስቀድሞ ከገዳም ወደ ገዳም መጽሐፍና መምህር ፍለጋ የተንከራተቱ የተማሩ ሰው ነበሩ። ካቶሊክ የሆኑት ፈረንጅ ለመምሰል አይደለም፤ ለያዙት ጥያቄ መልስ በመፈለግ ነው። በ1855 በእግር ብረት እንደ ታሰሩ ሞቱ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛም በ1926 ብፅዕናቸውን ዐወጁ። በዚያው ዘመን አቡነ መስያስ በኦሮሞ ምድር እየተዘዋወሩ ሕዝቡን ስለ ፈንጣጣ ይከትቡ ነበር፤ በ1867ም የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በፓሪስ አሳተሙ። ክትባትና ሰዋስው በዚያን ጊዜ ከዘመናዊ ሥልጣኔ መካከል ዋነኞቹ ነበሩ፤ ወደ ብዙ ስፍራም ያመጧቸው ዘመኑ «አሮጌ» የሚላቸው መነኮሳት ናቸው።

ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ቀልድ ታውቃለች። ዐፄ ፋሲለደስ ያስወጧቸው ኢየሱሳውያን ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተጠርተው ተመለሱ። የመጡትም ከካናዳ ነው። በ1945 የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ማስተማርና ማስተዳደር ጀመሩ፤ በ1950 ደግሞ ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ዶክተር ሉሲየን ማት የመጀመሪያውን ከፍተኛ ትምህርት ቤት፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን፥ አቋቁመው መሩ። የተቀመጠባቸው ግዴታ የካህን ልብስ እንዳይለብሱና ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ነበር፤ እነርሱም ተቀበሉት። ንጉሠ ነገሥቱም በልጅነታቸው በሐረር ከአስተማሯቸው ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ካቶሊክ ካህን አባ ሳሙኤል ነበሩ፤ እኒህም ካህን በ1915 በሐሮማያ ሐይቅ ታንኳ በሰጠመ ጊዜ ሞቱ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ሲጻፍ የካቶሊክ መምህራንን ስም ዘልሎ መጻፍ አይቻልም። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ካቶሊኮች ከመቶው አንድ እንኳ ያልሞሉ፥ 0.7 ብቻ ሆነው መገኘታቸውን ለሚያስብ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለዚህ ለነቀፋው መልስ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሊቃውንትን ስም መደርደር ተለምዷል። የዘር ውርስን ሕግ በ1866 በጽሑፍ ያወጣው ግሬጎር ሜንደል መነኵሴ ነበረ፤ ዓለም ከአንዲት ጥቂት መነሻ እየሰፋች መጣች የሚለውን ትምህርት በ1927ና በ1931 የጻፈው ዦርዥ ለሜትር ካህን ነበረ፤ የቫቲካን ራዲዮንም በ1931 የሠራው ማርኮኒ ራሱ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ዝርዝር የሚያስደስተው አስቀድሞ ያመነውን ሰው ነው። ከፋብሪካ ማታ ወጥታ በተከራየችው ጠባብ ክፍል ከሦስት ጓደኞችዋ ጋራ የምትተኛ ልጅ «ቤተ ክርስቲያን ለእኔ ምን አላት?» ብላ ስትጠይቅ «ሜንደል መነኵሴ ነበረ» ብሎ መመለስ ለተራበ ሰው የምግብ ሥዕል እንደ ማሳየት ነው።

ስለዚህ ነገሩን ከሮምና ከፓሪስ አውጥቶ ወደ ሐዋሳ ማምጣት ይሻላል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 በተመረቀ ጊዜ የዘመናዊ ሥልጣኔ በር ተከፈተ ተባለ፤ በብዙ ነገርም እውነት ነበር። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር፥ ከሌላውም የደቡብ አገር፥ አሥረኛ ክፍል የጨረሱና ያልጨረሱ ብዙ ሺህ ወጣቶች፥ ይልቁንም ሴቶች፥ ወደ ከተማዪቱ ጎረፉ። በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ደመወዝ በገዛ እጃቸው ተቀበሉ፤ ለእናታቸው ነጠላ የገዙ፥ ታናሽ ወንድማቸውን ያስተማሩ አሉ። ይህን ደስታ የሚያናንቅ ሰው ድኽነትን አያውቅም። ነገር ግን የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጽሑፍ የእነዚህ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብቻ እንደ ነበረ፥ ይህም በዓለም ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች ሁሉ የሚያንስ እንደ ሆነ ገለጡ። በዚያ ገንዘብ የቤት ኪራይ፥ ምግብና ሳሙና ተገዝቶ ምን ይተርፋል? ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ሠርተው ሥራውን ይለቁ ነበር። በኋላም አሜሪካ በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያን ያለ ቀረጥ ዕቃ ከሚያስገቡት አገሮች መዝገብ ስትሰርዛት ገዢዎች ሸሹ፤ ሥራቸውን ያጡም ብዙ ናቸው። የጦርነትና የፖለቲካ ፍርድ በሩቅ አገር ሲፈረድ ዕዳውን የከፈለችው የመኪና ስፌት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ስለዚህች ልጅ ዘመናዊ ሥልጣኔ ምን ይላል? አንዱ ወገን «ደመወዙ በገበያ የተወሰነ ነው፤ እርስዋም ወድዳ ፈርማለች፤ ካልተስማማት ትተወው» ይላል። ይህ ቃል ዛሬ እንደ ትልቅ ዕውቀት ይነገራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ ግን በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ አነጋገር አንሥተው መልሰውለታል። ሠራተኛውና አሠሪው በነፃ ቢስማሙም እንኳ ከስምምነታቸው በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍርድ አለ፤ ደመወዙ በቁጠባ ለሚኖር ሠራተኛ ኑሮ የማይበቃ ሊሆን አይገባም፤ ሠራተኛው የባሰውን ክፉ ፈርቶ ወይም ቸግሮት የሚከብደውን ውል ቢቀበል ግፍ ተደርጎበታል ብለው አስተማሩ። ስለ ሰንበት ዕረፍት፥ ስለ ሴቶችና ስለ ሕፃናት ሥራም ጻፉ። ይህ የተጻፈው ሐዋሳ የምትባል ከተማ ሳትኖር ነው፤ ዛሬ ቢነበብ ግን ለፓርኩ በር የተጻፈ ይመስላል። በኢትዮጵያ በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ የአገሩ ሕግ ወደዚያ ሐሳብ የሄደው ከመልእክቱ በኋላ በ128 ዓመቱ ነው።

ይህ ሲባል ግን ትምክሕት እንዳይገባ ሌላውንም መናገር ይገባል። ማርክስና ኤንግልስ ስለ ሠራተኛው ያወጡት ጽሑፍ በ1848 ታትሟል፤ የልዮን መልእክት የመጣው ከ43 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ መካከል በአውሮፓ ብዙ ሠራተኛ ቤተ ክርስቲያንን ትቶ ሄዷል። ትምህርቱ እውነት ነበረ፤ ሰዓቱ ግን አልፎ ነበር። ለሐዋሳ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። የቅዳሴው ሰዓት ከፋብሪካው ፈረቃ ጋራ ይገጥማልን? እሑድ ጧት ፈረቃ ያላት ልጅ ማታ የምትቀድስበት ስፍራ አላትን? ከገጠር አዲስ የመጣች ልጅ የቤት አከራይዋ ሲበድላት፥ አለቃዋ ሲያስፈራራት፥ ከደጀ ሰላሙ ገብታ የምታማክራት አንዲት እናት ታገኛለችን? ትምህርቱ በ1891 ቀድሞ ሄዶ ሰበካው በዛሬው ቀን ወደ ኋላ ሊቀር ይችላልና፥ «ካቶሊካዊ ሰው ወደ ኋላ ቀርቷልን?» የሚለው ጥያቄ በመጽሐፍ ሳይሆን በሰዓት ሰሌዳ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

በጋብቻም ነገር እንዲሁ የተደባለቀ ነገር ይገኛል። ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ «ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ናት» የሚሉት በዚህ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1968 ስለ ልጅ መውለድና ስለ መወሰን የጻፉት መልእክት በምዕራቡ ዓለም ከካቶሊኮችም ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቷል፤ የጋብቻን አለመፍረስና የፅንስን ሕይወት ስለ መጠበቅ የምታስተምረውም ብዙ ጊዜ ይነቀፋል። በዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያን ከዘመኑ ጋራ አልሄደችም፤ ሄዳለች ብሎ ማስመሰልም ሐሰት ነው። እርምጃዋን አለመግጠሟ ግን ከመዘግየት አይደለም፤ መንገዱን አይታ እንቢ ከማለት ነው። ደግሞም በሐዋሳ ይህ የካቶሊክ ብቻ ነገር ተደርጎ መነገሩ ስሕተት ነው፤ የኦርቶዶክሱ፥ የፕሮቴስታንቱና የሙስሊሙ ጎረቤት ስለ ጋብቻ ክብርና ስለ ፅንስ ሕይወት ያላቸው አሳብ በብዙው ከዚህ አይርቅም።

የሚያስደንቀው ሌላው ነው። በደቡብ አገር፥ በሌላም የኢትዮጵያ ክፍል፥ ልጃገረድን ጠልፎ ሚስት ማድረግ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ እንደ ባህል ይቈጠር ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱን ነፃ ፈቃድና የ18 ዓመት ዕድሜ ይጠይቃል፤ የወንጀሉ ሕግም ጠላፊን ይቀጣል። ይህም በትክክል የዘመናዊ ሥልጣኔ ፍሬ ይባላል። ነገር ግን የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 የተጠለፈች ሴት በጠላፊዋ እጅ ሳለች ከእርሱ ጋራ የምታደርገው ጋብቻ ጋብቻ እንዳይደለ ወስኖ ነበር፤ ከጠላፊው ተለይታ፥ በነፃ ስፍራ ሆና ፈቅዳ ካልሆነ በቀር። የዛሬውም ቀኖና ይህንኑ ይዟል። እንግዲህ «ባህላችን ነው» ብሎ ለጠለፋ ሽማግሌ የሚልክ ካቶሊካዊ ቤተሰብ ቢገኝ፥ ከዘመኑም ከቤተ ክርስቲያኑም ወደ ኋላ የቀረ እርሱ ነው።

በዕድሜው ነገር ደግሞ የአገሩ ሕግ ቀኖናውን ቀድሞታል። በ1983 የወጣው የላቲኑ ሥርዐት ቀኖና ለወንድ 16፥ ለሴት 14 ዓመት ይበቃል ይላል፤ ከፍ ያለ ዕድሜ መወሰንን ግን ለየአገሩ ጳጳሳት ጉባኤ ትቷል። ያው ቀኖና በመንግሥት ሕግ የማይታወቅ ጋብቻ ያለ ጳጳሱ ፈቃድ እንዳይፈጸም ለካህናት ያዝዛል። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ ይዞ ወደ ቆሞሱ የሚመጣ ቤተሰብ «ቀኖናው ይፈቅዳል» ብሎ መከራከር አይችልም። ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ትቀድማለች የሚል ሰው ይህን ያስተውል፤ ሁልጊዜ ትዘገያለች የሚልም የ1563ቱን ያስተውል።

ስለ ባህል ከተነሣ ዘንድ ስለ ቋንቋ ሳይነገር ማለፍ አይገባም፤ በዚህ ሰበካ ካሉት ነገሮች ሁሉ የበለጸገው ምናልባት ይህ ነውና። የኮምቦኒ ማኅበር ሚስዮናውያን ወደ ሲዳማ የመጡት በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። መሥራቻቸው ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ በ1864 ያወጡት አሳብ አፍሪካን በአፍሪካውያን ማዳን የሚል ነበር። የመምጫቸው ጊዜ ደግሞ ያለ ዕቅድ የተገጠመ ነገር ነበረው። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 መጨረሻ ቅዳሴ በሕዝቡ ቋንቋ እንዲደረግ ገና መፍቀዱ ነበር። የአውሮፓ ገበሬ ብዙ መቶ ዓመት በላቲን ሲሰማ የኖረውን፥ የሲዳማ ገበሬ ገና እምነቱን በተቀበለበት ዘመን በገዛ አፉ ቋንቋ ለመስማት በቃ። በዚህ ነገር ከአውሮፓውያን ይልቅ የሲዳማው ምእመን ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1979 የሐዋሳ የመጀመሪያው ሐዋርያዊ ቪካር የሆኑት ብፁዕ አቡነ አርሚዶ ጋስፓሪኒ በ1983 የሲዳምኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። ጳጳስ ሆኖ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት እንግዳ ሥራ ይመስላል። መዝገበ ቃላት የሚሠራ ሰው ግን ሽማግሌውን፥ እረኛውን፥ እንሰት የምትፍቀውን እናት ቁጭ ብሎ መስማት አለበት፤ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» እያለ እንደ ሕፃን መጠየቅ አለበት። በ1625 የጐደለው ይህ መጠየቅ ነበር። የመዝገበ ቃላቱ ሥራ በ1983 መደረጉንም አስቡት፤ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነበረው መንግሥት ሃይማኖትን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ያስተምር ነበር። «ኋላ ቀር» የተባለው ጳጳስ የሕዝቡን ቃላት ሲሰበስብ፥ «ወደ ፊት ሂድ» ባዩ መንግሥት በ1991 ወደቀ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ ቅሉ ግን ቅል መሆኑ አይቀርም።

ዛሬ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2015 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ተጽፎ ዓለም አውቆታል። ነገር ግን በሐዋሳ መንገድ ስልክ ይዞ የሚሄደው የሲዳማ ልጅ፥ የወላይታም የአማራም ልጅ፥ ከአያቱ ጋራ የሚነጋገርበት ቃል እያነሰው፥ ከሩቅ አገር የሚሰማው ዘፈንና ቀልድ እየበዛው ነው። በዚህ ጊዜ ዘመናዊ ሥልጣኔ የሚባለው ማን ነው? መዝገበ ቃላት የሚጽፈው ነውን፥ ወይስ ቃላቱን የሚያስረሳው? የባህል ጠላት ተብላ የተከሰሰች ቤተ ክርስቲያን የባህል ጓዳ ጠባቂ የምትሆንበት ቀን መጥቷል፤ ይህን ግን የሚያደርገው በሲዳምኛ የሚያስተምር መምህረ ትምህርተ ክርስቶስ ሲገኝ ነው እንጂ በበዓል ቀን የባህል ልብስ በመልበስ ብቻ አይደለም።

ስለ አዲሱ መሣሪያ፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚባለው፥ በአጭሩ ይነገር። በግንቦት 2025 የተመረጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 14ኛ ስማቸውን የመረጡበትን ምክንያት ለካርዲናሎች ሲገልጡ፥ ልዮን 13ኛ የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ለውጥ ያመጣውን ጥያቄ እንደ መለሱ፥ ዛሬም ይህ አዲስ መሣሪያ በሰው ክብር፥ በፍትሕና በሥራ ላይ ስለሚያመጣው ነገር ቤተ ክርስቲያን ትምህርቷን ማቅረብ እንዳለባት ተናገሩ። በዚህ ጊዜ 43 ዓመት አልተጠበቀም። ልብሱን የሚሰፋ ሰው የማይፈልግ መኪና ወደ ፓርኩ የሚገባበት ቀን ቢመጣ፥ የልጅቱ ጥያቄ «ደመወዜ አነሰ» ከማለት ወደ «ሥራዬ የት ሄደ?» ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የሚነበበው መልእክት ከአሁኑ መጠናት አለበት።

የኢዮቤልዩ በዓል አዘጋጆች ለመታሰቢያ ምን እንሥራ ብለው በሚመክሩበት በዚህ ወራት ሐውልትና በር ብዙ ተወስቷል። ከእነዚህ ጋራ አብረው ሊታሰቡ የሚገባቸው ሁለት ርካሽ ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ ለፈረቃ ሠራተኞች የሚሆን የእሑድ ማታ ቅዳሴ በተወሰነ ሰዓት ተለጥፎ እንዲታወቅ ነው። ሁለተኛው፥ የልዮን 13ኛ መልእክት በአማርኛና በሲዳምኛ እየተተረጐመ በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል በአዳራሹ ለሠራተኞች እንዲነበብ፥ ከንባቡም በኋላ ካህኑ ዝም ብሎ እነርሱ እንዲናገሩ ነው።